የላክለን ግራ እግር

ወንድሜ ላክለን የውሃ ሱሪውን ተሸክሞ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣብኝ ከጥገና ቤቴ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ግባም አላልኩት።

«ያፈሳል እንዳትለኝ ብቻ» አልኩት ገና ከሩቁ።

«ያፈሳል፣ እህት ዓለም።»

«የቱ ጋ?»

«ግራ እግሬ ላይ። ከጉልበት በታች። ያው ቦታ።»

ያው ቦታ! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ሱሪ ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ። በእኛ መንደር፣ በስፔይ ወንዝ ዳር፣ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ እስከ ደረቱ የሚደርሰው፣ ካልሲው አብሮ የተሠራለት ያ ሱሪ ሲቀደድበት ወደ እኔ ነው የሚያመጣው። ከሩቅ ከተማ በፖስታ የሚልኩልኝም አሉ። ኢሽቤል የጣፈችው ተመልሶ አፈሰሰ ብሎ የተናገረ ሰው እስከዚያ ዓመት ድረስ አልነበረም። የመጀመሪያው ተናጋሪ የገዛ ወንድሜ ሆኖ አረፈው።

ላክለን ጊሊ ነው። ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡትን እንግዶች ወንዝ የሚያስገባ፣ ሳልሞኑ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ፣ መረቡን የሚይዝ እሱ ነው። አባታችንም ይህንኑ ሥራ ሠርቶ ነው ያለፈው። እንግዳው ሽማግሌ ወይም ደካማ ሲሆን ጊሊው ውሃው በሚወርድበት በኩል ይቆምና ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይገባሉ። እንግዳው ቢንሸራተት ጊሊው ላይ ያርፋል። ጊሊው ቢንሸራተት ግን ከእሱ በታች ያለው ወንዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊሊ አይንሸራተትም፤ እኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው የሚታሰበው።

መጀመሪያ የመጣው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ የዓሣው ወቅት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ሱሪውን ገልብጬ የውስጡን ፊት አልኮል ረጨሁት። ይህ ዘዴ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያህል እንኳ እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቅ ይላል። አንድም ነጥብ አልወጣም። መብራት አጥፍቼ ባትሪ እግሩ ውስጥ ከተትኩና ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ፈለግሁ። ምንም የለም።

«ላብህ ነው» አልኩት። «ልጅ ሆነህም እንደ ጋሪ ፈረስ ነበር የሚያልብህ።»

«በአንድ እግሩ ብቻ የሚያልበው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቼ አላውቅም። ግን ደግሞ ማን ይሸነፍለታል! የሱፍ ካልሲህ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ ብዬ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ጃንዋሪ ውስጥ ነበር። ጊሊዎቹ ወቅቱ ሳይከፈት በማዕበል የወደቁትን ቅርንጫፎች ከወንዙ ያወጣሉ። ላክለን ከዚያ ሥራ ሲመለስ እየተንቀጠቀጠ ገባና «ወንዙን ይዤልሽ መጣሁ» አለ። እኔም የሱሪውን ግራ እግር እስከ ጭኑ ድረስ ውሃ ሞላሁና ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀልኩት፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ወለሉን አየሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ይህኔ ግራ ገባኝ። ግራ ሲገባኝ ደግሞ ሰው ላይ መጮህ ልማዴ ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል!» አልኩት። «ምድጃ አጠገብ ነው የምትሰቅለው? እርጥቡን አጥፈህ መኪና ውስጥ ትወረውረዋለህ? በዚያ ወንዝ ዳር ባለው ሽቦ አጥር ላይ ነው አይደል የምትዘለው?»

«ሽቦውን እዘለዋለሁ» አለ። «ሌላውን ግን ከአንቺ የተማርኩ ሰው ምን ቆርጦኝ!»

ቤቱ ድረስ ሄጄ አየሁት። በንጹህ ውሃ ታጥቧል፤ ጥላ ሥር፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ተሰቅሏል፤ አይጥ እንዳይደርስበት ከግድግዳው ርቋል። እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ አልይዘውም። ስህተት ፍለጋ ሄጄ ስህተት አጣሁ። በንዴት ፒንሳ ይዤ ወደ ሽቦ አጥሩ ወረድኩና ሹል ሹሉን አንድ በአንድ ጠመዘዝኩት። ምን እንደምሠራ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ፒንሳውን አሳየሁት።

ሦስተኛው ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አልቆየም። አሁንስ ወንዝ ዳር አብሬህ እወርዳለሁ አልኩት። በግራ እግሩ ካጠለቀው የሱፍ ካልሲ ላይ ጋዜጣ ጠቅልዬ ሱሪውን አለበስኩት። ጋዜጣ ውሃ ከነካው ይልሞሰሞሳል፤ ሊደበቅ አይችልም። ላክለን ውሃው ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ ሩብ ሰዓት ቆመ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

«ሞላ» አለኝ። «አሁንስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይንቦጫረቃል።»

ጋዜጣውን አወጣሁት። ኮሽ ኮሽ ይላል። የቅዳሜውን የእግር ኳስ ውጤት ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ጋዜጣ ሲዋሽ የመጀመሪያው አይደለም» አለ።

«ላክለን!»

«እግሬ እኮ የእኔ ነው፣ ኢሽቤል! እርጥብና ደረቅ አልለይም?» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «ምናልባት ዓይንሽ ደክሞ ይሆናል። ኢንቨርነስ ከተማ አንድ ጠጋኝ አለ ይባላል።»

ይህንን ሲለኝ ዕንባዬ መጣ፤ አላሳየሁትም። እውነት ዓይኔ ደክሞ ይሆን? ማታውኑ የመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሳስገባ አንዴ ሳትኩ፤ እሱኑ ይዤ ብዙ አሰብኩ። ጠጋኙን ለመጠየቅ ሳይሆን አዲስ ሱሪ ለመግዛት አብረን ኢንቨርነስ ሄድን።

ሻጩ ልጅ እግር ነው፤ ስለ ቀለሙና ስለ ኪሱ ብዛት ሲያወራ ትዕግሥቴ አለቀ። ሳልሞን ቀለም አይመርጥም። «ጉልበትህን ወደ ደረትህ አንሳ» አልኩት ላክለንን። የውሃ ሱሪ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ጉልበት ሲነሳ መቀመጫው ላይ ከያዘ ስፌቱ በወር ይበጠሳል፣ ከልክ በላይ ከሰፋም ውሃው እንደ ሸራ ይገፋዋል። ካልሲው ተረከዝ ላይ መጨማደድ የለበትም። ቀበቶው ደግሞ ወገብ ላይ ጥብቅ ማለት አለበት፤ ሰው ቢወድቅ ሱሪው ውሃ እንዳይሞላ የሚያደርገው እሱ ነው። ላክለን ቀኙን አነሳ። ግራውን ሲያነሳ ተንገዳገደና ትከሻዬን ያዘ። በርጩማው አደናቅፎት ነው ብዬ በርጩማውን በእግሬ ገፋሁት።

እንግዲህ ለአራተኛ ጊዜ በሬ ላይ የቆመው ይህንኑ አዲሱን ሱሪ ይዞ ነው። ለብሶት ወንዝ የገባው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ስፌት፤ ቀዳዳው ግን ያው ቦታ! ጭንቅላቴ ዞረ። ሁለት ሱሪ አንድ ቀዳዳ እንዴት ይካፈላል?

ቀኑም መጥፎ ቀን ነበር። ፌብሩዋሪ አስር ነው፤ በማግስቱ ወንዙ ይከፈታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ በብብት የሚታቀፍ የአየር ከረጢት ያለው ያገራችን ዋሽንት ይነፋል፣ ከውስኪው ለወንዙ ይፈስለታል፤ ከዚያም የመጀመሪያዋን መንጠቆ ወይዘሮ ፐንሮዝ ይወረውራሉ። ወይዘሮ ፐንሮዝ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የሁለቱም ዳሌያቸው መገጣጠሚያ በቀዶ ጥገና ተቀይሯል፤ ክብደታቸው ከእርጥብ ድመት አይበልጥም። ሃያ ስድስት ዓመት በተከታታይ ያን ቀን ውሃ የገቡት በላክለን ክንድ ነው።

«ግባ» አልኩት በመጨረሻ። «ልበሰው።»

«እዚህ?»

«እዚህ። የቱ ጋ እንደሚገባ በጣትህ ታሳየኛለህ፤ እኔም በጠመኔ ምልክት አደርግበታለሁ። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።»

ለበሰ። ቀበቶውን አጠበቀ። ጠመኔዬን ይዤ ፊቱ ተንበረከክሁ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ሐኪም ፊት እንደሚቆም ሰው ነበር።

«እ?» አልኩት።

«ቆይ… ይኸው። አሁን ገባ።» ጣቱ ጉልበቱን ነካ። «ከዚህ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ቀዝቃዛ ነው። ቁርጭምጭሚቴን ዞረ። ምልክት አድርጊበት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ላክለን።»

«ምንድነው?»

«የቆምከው እኮ ጣውላ ላይ ነው።»

ዓይኑን ገለጠ። ወለሉን አየ። እኔም አየሁ፤ ሁለታችንም ወንዙን እንደምንፈልግ ዓይነት ዙሪያውን አየን። ወለሉ ላይ የነበረው የጠመኔ ብናኝ ብቻ ነው።

«የትናንቱ ውሃ ቀርቶ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

እጄን እስከ ብብቴ ሱሪው ውስጥ ከተትኩ። ደረቅ ነው። ካልሲውም ደረቅ ነው። አውልቅ አልኩትና በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ ባዶውን ግራ እግሩንም ልክ ሕፃን ሳለ ጥፍሩን ስቆርጥለት እንደማደርገው ጭኔ ላይ አደረግሁ።

«ዓይንህን ጨፍን። የቱን ጣትህን ነው የያዝኩት?»

«ገና አልያዝሽም።»

ሁለቱን ይዤ ነበር። አጥብቄ ነው የያዝኳቸው።

ፈራሁ። ያን ያህል የፈራሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። እሱ ግን ዓይኑን እንደጨፈነ «ያዢ እንጂ» ይለኛል። ዓይኑን ገልጦ እጄን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እግሩን ከጭኔ ላይ አውርዶ ጣቶቹን ራሱ ጨመቃቸው።

«ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ጊዜ አንሸራትቶኝ ነበር» አለ በኋላ። «ወይዘሮ ፐንሮዝን ይዤ። ድንጋዩ ተንከባለለ ብዬ ነው ያለፍኩት።»

«ድንጋዩስ ተንከባልሎ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከእግሬ ሥር ድንጋይ ይኑር አሸዋ ይኑር ነው እኮ የማላውቀው! ውሃው ሲገባ ግን ይሰማኛል። የሌለው ውሃ ይሰማኛል፣ ያለው ድንጋይ አይሰማኝም። ይህ ምን ማለት ነው፣ ኢሽቤል?»

ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። እኔ የማውቀው ጨርቅና ማስቲሽ ነው። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት፤ ነገ መክፈቻው አለ አለኝ። ነገማ አትገባም አልኩት። እሱም ያወለቀውን ሱሪ አንስቶ ዘረጋልኝ።

«ጣፊልኝ።»

«ምኑን ልጣፍ?»

«እዚህ ጋ። ጉልበቱን።»

«ቀዳዳ የለውም እኮ።»

«አውቃለሁ። ጣፊልኝ ብቻ።»

ክብ መጣፊያ ቆርጬ፣ ዳሩን አድበልብዬ፣ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩለት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጤነኛ ሱሪ የጣፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጄ የሚሠራው ሲያጣ የለመደውን ሠራ መሰለኝ። እሱም ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቆ ሲወጣ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

«ነገ አንተው ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ» አልኩት።

አልኩት እንጂ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነው ያደረው። ብናገር ወንድሜን ከወንዙ ማስወጣቴ ነው፤ ከወንዙ ውጪ ላክለን ምን እንደሆነ እሱም እኔም አናውቅም። ዝም ብል ደግሞ አሮጊቷን ለስፔይ መስጠቴ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ለማሳሳቂያ የሚሆን ጊዜ እንኳ አይሰጥም።

በማግስቱ ጠዋት መቶ ያህል ሰው ወንዙ ዳር ተሰብስቧል። ዋሽንቱ ተነፋ፣ ውስኪው ወንዙ ላይ ፈሰሰ፣ ለሰዉም ዞረ። እኔ ከፊት ቆሜ የምናገረውን በአፌ እደግማለሁ። ወይዘሮ ፐንሮዝ ትንሿን ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡና ክንዳቸውን ለላክለን ዘረጉ። ላክለን ያዘው። ወደ እኔ ዞሮም አላየ።

አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ እያልኩ ሳለ ሁለት እርምጃ ገቡ። ሦስተኛውን ተራመዱ፤ ውሃው የእሳቸው ጉልበት ደረሰ። ጩኸቴን ልለቀው አፌን ስከፍት ላክለን ቆመ። ምርኩዙን ተክሎ ውሃውን አየ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ለወይዘሮ ፐንሮዝ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ዞሩና ተመለሱ። ሲወጡ ነው ያየሁት፤ የሳቸው ክንድ ከእሱ ክንድ ሥር ነበር፤ የሚደግፉትም እሳቸው ነበሩ።

ላክለን ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ምን ሆኖ ነው እያለ ይንሾካሾካል፤ ባለ ዋሽንቱ እንኳ አቆመ።

«ዘንድሮ ሌላ ሰው ይያዝዎት፣ እሜቴ» አለ ላክለን። «እግሬ መሬቱን አይነግረኝም።»

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ፐንሮዝ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ጊዜ ስትንሸራተት ጎትቶ ያቆመህ ማን መስሎህ ነው? መልአክ?»

እኔ ነኝ ብው ያልኩት። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምንስ ዛሬ አብረውት ገቡ?»

«እሱ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ኢሽቤል። ሃያ ስድስት ዓመት የያዘኝን ሰው ተው አትያዘኝ ልበለው?» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ብርዱን ወራት በሙሉ መዋኛ ገንዳ ስመላለስ ከረምኩ። በሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር። ከወደቀ ቢያንስ አንገቱን ከውሃ በላይ እይዛለሁ ብዬ ነው።»

ላክለን መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው ማልቀሱን ያወቅሁት። ግራ እግሩን ወደ እኔ ዘረጋና «አውልቂልኝ» አለ።

ጫማውን ፈታሁ፣ ቀበቶውን አላላሁ፣ ሱሪውን ከእግሩ ላይ ሳብኩት። ካልሲውን ራሱ አወለቀ። ሁላችንም እያየነው ግራጫውን ሱፍ በሁለት እጁ ይዞ ጨመቀው፤ አገላብጦም ጨመቀው። አምስት ወር ሙሉ ያፈሳል ያለኝ ወንድሜ ነው፤ አምስት ወር ሙሉ አያፈስም ያልኩት እኔ ነኝ።

«ደረቅ ነው» አለ።

ከእጁ ነጠቅሁትና እኔም ጨመቅሁት። አንዲት ጠብታ፣ አንዲት ብቻ ትውጣ ብዬ ክንዴ እስኪዝል ጠመዘዝኩት። ወይዘሮ ፐንሮዝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «በቃ፣ ልጄ» አሉኝ፤ እኔ ግን መጭመቄን አላቆምኩም።